በአሜሪካ ካውንቲ መሬት ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ ከሆነ፦ የእርሻ ድጎማ አጠያየቅ ደረጃ በደረጃ

«መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ ይሰጣል ይባላል። መሬቱን ገዝቻለሁ፤ ገንዘቡን የት ሄጄ ልጠይቅ?» ይህ ጥያቄ በስልክም፣ በሠርግም፣ በለቅሶ ቤትም ይመጣብኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ እየሠሩ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ነድተው በሚደርሱበት የገጠር ካውንቲ መሬት የያዙ ያገሬ ልጆች ናቸው። ፍየል የሚያረባ አለ፣ ጎመንና ቃሪያ የሚያለማ አለ፣ ጤፍ የሚሞክርም አለ። በየጊዜው በቃል ከምደግመው ይኸው ጽፌዋለሁ።

መሬት ስላላችሁ ብቻ የሚላክ ገንዘብ እንደሌለ ከወዲሁ ይታወቅ። ክፍያ የሚመጣው የእህል ዋጋ ወይም ገቢ ሲወድቅ፣ ድርቅና ጎርፍ የመሰለ አደጋ ሲደርስ፣ ወይም አፈሩንና ውሃውን የሚጠብቅ ሥራ ስትሠሩ ነው። የአብዛኛው መነሻ በር ደግሞ አንድ ነው፦ በግብርና ሚኒስቴሩ (ዩኤስዲኤ) ሥር ያለው የእርሻ አገልግሎት ቢሮ፣ በአጭሩ ኤፍኤስኤ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የአፈርና ውሃ ጥበቃው መሥሪያ ቤት፣ ኤንአርሲኤስ፣ አለ። ሁለቱን አታምታቱ፤ ገንዘባቸውም ፎርማቸውም የተለያየ ነው።

ከቤት ይዛችሁ የምትወጡት

- ፎቶ ያለበት መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር። በኤልኤልሲ የምትሠሩ ከሆነ የድርጅቱ የታክስ ቁጥርና የመመሥረቻ ሰነድ
- ዜጋ ካልሆናችሁ ግሪን ካርድ
- የመሬቱ ባለቤትነት ሰነድ፣ ወይም የተፈረመ የኪራይ ውል
- የባንክ ሒሳብና የራውቲንግ ቁጥር (ቮይድ የተደረገ ቼክ ይበቃል)
- ምን፣ የት፣ መቼ እንደዘራችሁ የሚያሳይ ማስታወሻ። የዘር ደረሰኝ ካለ እሱንም
- ያለፉት ዓመታት የታክስ ወረቀት። ቢሮው ባይጠይቃችሁም ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ ለማየት ለራሳችሁ ያስፈልጋችኋል

1. ትክክለኛውን ቢሮ አግኙና ቀጠሮ ያዙ

የምትሄዱት ወደምትኖሩበት ሳይሆን መሬቱ ወዳለበት ካውንቲ ቢሮ ነው። አንዳንድ ካውንቲዎች የራሳቸው ቢሮ ስለሌላቸው በጎረቤት ካውንቲ ይስተናገዳሉ፤ የትኛው እንደሆነ በፋርመርስ ዶት ገቭ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ ደውሉ። በአካባቢው የምዝገባ ወቅት ከሆነ ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ በቀጠሮ የተያዙ ስለሆኑ፣ ሦስት ሰዓት ነድታችሁ በር ላይ ትመለሳላችሁ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም ቀጠሮ ስትይዙ ንገሯቸው፤ ደርሳችሁ ስትጠይቁ ጊዜው ያልፋል።

ስልኩ ላይ እንዲህ በሉ፦ «አዲስ አራሽ ነኝ፣ የእርሻ ቁጥር ማውጣት ወይም ማዛወር እፈልጋለሁ።» «ግራንት እፈልጋለሁ» ካላችሁ ምንም ወደማይመለከታችሁ ክፍል ያስተላልፏችኋል።

2. የእርሻ ቁጥር አውጡ፤ 156ኢዜድ የሚባለውን ወረቀት ጠይቁ

በኤፍኤስኤ የተመዘገበ መሬት ሁሉ የእርሻ ቁጥርና የትራክት (የቁራሽ መሬት) ቁጥር አለው። ከእናንተ በፊት የታረሰ ከሆነ ቁጥሩ ሳይኖረው አይቀርም፤ ያኔ የሚያስፈልገው በስማችሁ ማዛወር ብቻ ነው። ያለዚህ ቁጥር ሌላው ፎርም ሁሉ አይንቀሳቀስም።

ኤፍኤስኤ-156ኢዜድ የመሬቱ አጭር የሕይወት ታሪክ ነው በሉት። ስንት ኤከር የሚታረስ እንዳለ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ «ቤዝ ኤከር» እንደሆነ፣ በየትኛው እህል እንደተመዘገበና በኤከር ስንት ቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) ምርት እንደሚታሰብ ይነግራችኋል። ቤዝ ኤከር ማለት ከዓመታት በፊት በነበረው አዘራር መሠረት ለድጎማ የተመዘገበ መሬት ነው። ከመሬቱ ጋር ይተላለፋል እንጂ ከሰው ጋር አይሄድም፤ ዛሬ የምትዘሩትም ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገና ልትገዙ ከሆነ ይህን ወረቀት ከሻጩ ጠይቁ። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት መሬቶች አንዱ 40 ቤዝ ኤከር ይዞ፣ ሌላው ምንም ሳይኖረው በእኩል ዋጋ ሲሸጥ ታያላችሁ።

3. ስማችሁን አንድ አድርጉ

ይህን ደረጃ በሌሎች መመሪያዎች አታገኙትም፤ የእኛን ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት የአባትን ስም መጨረሻ ያደርጋል፣ ሌላው የአያትን። ባልና ሚስት ስማቸው አይገጥምም። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፈው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል።

የኤፍኤስኤ መዝገብ የገቢ ማረጋገጫውን ከአገር ውስጥ ገቢው መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ጋር ያመሳክራል። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ሊቆም ይችላል፤ ቆሞ ሳለም ማንም ላይነግራችሁ ይችላል። እኔ ራሴ የአያቴ ስም በመሬቱ ሰነድ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በታክሴ ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፎ ክፍያዬ ለወራት ተንጠልጥሏል። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ መሬቱን የገዛሁ ዕለት ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ስለዚህ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ የታክስ ወረቀቱን፣ የመሬቱን ሰነድና የባንክ ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ መለኪያው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱና ታክሱ ነው፤ ሌላውን ወደዚያ አስተካክሉ።

4. የብቁነት ፎርሞቹን ሙሉ

ፎርም ሲበዛባችሁ አትደንግጡ። አብዛኛውን ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ይሞላላችኋል፤ የእናንተ ድርሻ የምትፈርሙበትን ማወቅ ነው።

*ኤዲ-1026፦* ቶሎ የሚሸረሸር መሬት ያለ ጥበቃ ላለማረስና ረግረግ መሬት አጠንፍፋችሁ ወይም መንጥራችሁ ላለመዝራት ቃል የምትገቡበት ነው። በየዋህነት የሚጣሰው እሱ ነው። ዝቅ ያለውን ውሃ የሚቋጥር ጥግ በዶዘር አስተካክሎ፣ ቦይ ቀዶ፣ ከዚያ ድጎማ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በዚያ መሬት ብቻ ሳይሆን በሁሉም እርሻው ላይ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። ዛፍ ከመንቀላችሁ ወይም ቦይ ከመቆፈራችሁ በፊት በዚህ ፎርም ላይ አስታውቁ፤ ኤንአርሲኤስ አይቶ ይወስናል።

*ሲሲሲ-902፦* እርሻውን ማን እንደሚመራ፣ ጉልበቱን፣ ገንዘቡንና መሬቱን ማን እንደሚያዋጣ የሚገልጽ ነው። ያለእውነት አትሙሉት። ከተማ ተቀምጦ ለጎረቤት አከራይቶ «እኔ ነኝ የማርሰው» ብሎ መፈረም በፌዴራል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ድርጅት ከሆናችሁ የአባላት ዝርዝር ያለበት ሲሲሲ-901 ይጨመራል።

*ሲሲሲ-941፦* የሦስት ዓመት አማካይ ገቢያችሁ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ የምታረጋግጡበት ነው። «እኔ ያን ያህል መች አገኛለሁ» ብለው የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ካልተፈረመ ግን ክፍያ የለም።

*ሲሲሲ-860፦* እርሻ ማንቀሳቀስ ከጀመራችሁ ከ10 ዓመት ካልበለጠና ሥራው ውስጥ ራሳችሁ ካላችሁ «ጀማሪ ገበሬ» ናችሁ። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ቀጥሎ የምታዩአቸውን አንዳንድ የመመዝገቢያ ክፍያዎችና ገደቦች ያነሳላችኋል። ሠራተኛው ካላነሳው እናንተ አንሱት።

ቀጥታ ወደ ባንክ የማስገቢያውን ፎርምም በዚያው ቀን ጨርሱ።

ማስጠንቀቂያ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ስሙ ከገባ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ነገር ግን ዱባይ ያለ ወንድም ወይም አዲስ አበባ ያለች እህት ገንዘብ አዋጥተው ስማቸው በመሬቱ ሰነድ ላይ ከሰፈረ፣ የውጭ ሰው የእርሻ መሬት ይዞታ በ90 ቀን ውስጥ በኤፍኤስኤ-153 መመዝገብ አለበት። አለመመዝገብ እስከ መሬቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ያስቀጣል። ይህ ከድጎማው ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ መዘዙ ግን ከማንኛውም ድጎማ ይበልጣል።

5. የሚመለከታችሁን ፕሮግራም ለዩ

*ሀ) ቤዝ ኤከር ካላችሁ፦ ኤአርሲ ወይም ፒኤልሲ።* ፒኤልሲ የሚከፍለው የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ በሕግ ከተቀመጠው የማጣቀሻ ዋጋ ሲያንስ ነው። ኤአርሲ ደግሞ በካውንቲው ከሰብሉ የሚገኘው ገቢ ከተለመደው ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። በ2025 በወጣው ሕግ የማጣቀሻ ዋጋዎቹ ከፍ ብለዋል፤ በቡሼል በቆሎ ከ3.70 ወደ 4.10፣ ስንዴ ከ5.50 ወደ 6.35፣ አኩሪ አተር ከ8.40 ወደ 10.00 ዶላር።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 40 ቤዝ ኤከር በቆሎ አላችሁ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ምርት በኤከር 120 ቡሼል ነው። (አራት ቡሼል በቆሎ አንድ ኩንታል ግድም ነው፤ አንድ ኤከር 0.4 ሔክታር።) የማጣቀሻው ዋጋ 4.10 ሆኖ የዓመቱ ዋጋ 3.90 ቢሆን ልዩነቱ 20 ሳንቲም ነው። ክፍያ የሚታሰበው በ85 በመቶው ስለሆነ 40 ኤከሩ 34 ይሆናል። 34 በ120 በ0.20 ሲባዛ 816 ዶላር። ከዚያ ላይ የፌዴራል የበጀት ቅነሳ 5.7 በመቶ ይወስዳል፤ እጃችሁ የሚገባው 769 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ ትራክተር ለመግዛት ያሰበ ካለ ይህን ስሌት ደግሞ ያንብበው።

ዝርዝሩ ውስጥ ከእኛ ገበታ የምናውቃቸው አሉ፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ገብስ፣ ማሽላ። ጤፍ የለም። ጎመንና ቃሪያም የሉም፤ እንዲያውም ከቤዝ ኤከሩ ከ15 በመቶ በላይ በሆነው ላይ አትክልት ወይም ፍራፍሬ ከተከላችሁ፣ በተረፈው ልክ ክፍያ የሚታሰብበት ኤከር ይቀንሳል።

የቤዝ ኤከራችሁ ድምር 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በመደበኛው ደንብ ክፍያ የለም። ጀማሪ ገበሬ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ሲሲሲ-860ን አትርሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

ምርጫና ምዝገባው በተለመደው ዓመት እስከ ማርች 15 ነው፤ ሕግ በሚቀየርበት ዓመት ይገፋል፤ ስለዚህ በየጥሩ ደውላችሁ ቀኑን አረጋግጡ።

*ለ) አትክልት ወይም ሌላ የእህል ኢንሹራንስ የማይሸጥለት ሰብል ከሆነ፦ ኤንኤፒ።* ለአብዛኛው የእኛ ሰው ከ«ሀ» ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። ድርቅ፣ ውርጭ፣ በረዶ ወይም ጎርፍ ከግማሽ በላይ ምርታችሁን ሲያጠፋ ይከፍላል። መደበኛው ሽፋን ከ50 በመቶ በላይ የሆነውን ኪሳራ በአማካይ የገበያ ዋጋ 55 በመቶ ያሰላል። እናንተ የምትከፍሉት የመመዝገቢያ ክፍያ ለአንድ ሰብል 325 ዶላር፣ በአንድ ካውንቲ ቢበዛ 825 ዶላር ሲሆን ለጀማሪ ገበሬ ይቀራል። የመመዝገቢያው ቀን እንደ ሰብሉና እንደ ካውንቲው ይለያያል፤ ከመዝራታችሁ ብዙ ቀድሞ የሚዘጋም አለ። ሰብሉ ከተመታ በኋላ መመዝገብ የለም።

የሰው ወዳጅ መዝገብ ነው። በእያንዳንዱ የለቀማ ቀን ስንት ፓውንድ እንዳነሳችሁና ለማን እንደሸጣችሁ ጻፉ። «ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሰጠሁ፣ ለጎረቤት አደልኩ» በወረቀት ካልሰፈረ ምርት አይባልም፤ ምርት ያልተባለ ደግሞ ሲጠፋ ኪሳራ አይባልም።

*ሐ) ከብት፣ በግ፣ ፍየል ካላችሁ።* ከባድ ድርቅ የግጦሽ መሬትን ሲያጠቃ የሚከፍል፣ በመጥፎ አየር ጠባይ ከተለመደው ቁጥር በላይ እንስሳ ሲሞት የሚከፍልም አለ። እንስሳው በሞተበት ቀን ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ደውሉ። ከቀበራችሁ በኋላ ምስክር ፍለጋ ይሆናል።

*መ) የላስቲክ ቤት፣ አጥር፣ የውሃ መስመር ካሰባችሁ፦ ኢኪፕ።* ይህ በኤንአርሲኤስ በኩል ነው፤ የወጪውን ከፊል ይሸፍናል፤ ጀማሪ ገበሬ የተወሰነውን ቀድሞ ሊወስድ ይችላል። አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፦ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሥራ አትጀምሩ። ምስማር እንኳ ከመታችሁ ያ ሥራ ከክፍያ ይወጣል። «ሠርቼ ደረሰኙን አመጣለሁ» የሚባለው እዚህ አይሠራም።

6. የዘራችሁትን በየዓመቱ አስመዝግቡ

ፎርሙ ኤፍኤስኤ-578 ይባላል። ካርታ ይሰጧችኋል፤ በየማሳው ምን እንደተዘራ፣ ስንት ኤከር እንደሆነና ቀኑን ትሞላላችሁ። በፀደይ ለሚዘራው አብዛኛው ሰብል የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው፤ በመኸር ለሚዘራው ስንዴ ግን ቀደም ብሎ ነው፣ ካውንቲያችሁን ጠይቁ።

ምዝገባውን አንዴ ጨርሰናል ብለው በሁለተኛው ዓመት የሚጠፉ ብዙ ናቸው። የእርሻ ቁጥሩ ይቆያል፤ የኤከር ሪፖርቱ ግን በየዓመቱ ይታደሳል። ካልቀረበ ያ ዓመት ባዶ ነው። ከዘገያችሁ ሰብሉ ማሳው ላይ እያለ፣ የመለኪያ ወጪ ከፍላችሁ ማስመዝገብ የሚቻልበት መንገድ አለ። ከአጨዳ በኋላ ግን የሚታይ ነገር አይኖርም።

ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፍኩት አውቄ ነው። «መጋቢት 15» ብላችሁ በቤት ካላንደር ላይ ካሰፈራችሁት ማርች 24 ይሆናል፤ ዘጠኝ ቀን አልፏችኋል።

7. ጉዳት ሲደርስ ሰዓቱን ቁጠሩ

ለኤንኤፒ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ወይም ከታየ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ግዴታ ነው። በእጅ ለሚለቀም ሰብል ደግሞ 72 ሰዓት ብቻ ነው፤ ቃሪያውና ቲማቲሙ የሚመደበው እዚህ ነው። ቅዳሜ በረዶ ከመታው፣ ቅዳሜ ማታ ፎቶ አንሳችሁ ኢሜይል ላኩ፣ ሰኞ ጠዋት ደውሉ። ማሳውን አርሳችሁ ከመገልበጣችሁ በፊትም ፈቃድ ጠብቁ፤ ገምጋሚው የሚያየው ነገር ይፈልጋል።

8. ገንዘቡን ጠብቁ፣ ታክሱንም አስቡ

የኤአርሲና የፒኤልሲ ክፍያ የሚመጣው ሰብሉ ከተሰበሰበበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ከኦክቶበር ወዲህ ነው። በ2025 የዘራችሁት በ2026 መጨረሻ ይከፈላል ማለት ነው። የዘር መግዣ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። የፌዴራል ዕዳ ካለባችሁም ከላዩ ሊቆረጥ ይችላል።

በጥር አካባቢ ሲሲሲ-1099-ጂ የሚል ወረቀት ይመጣል። ገንዘቡ ገቢ ነው፤ በእርሻ ገቢ መግለጫው፣ በስኬጁል ኤፍ፣ ላይ ይገባል። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ታክሲና ሬስቶራንት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ይህን ወረቀት ገፋ አድርጎ ሊያልፈው ስለሚችል በእጃችሁ ስጡት። በነገራችን ላይ፣ ማን ስንት እንደተከፈለው ይፋ መረጃ ነው፤ ጎረቤታችሁ በኢንተርኔት ፈልጎ ሊያየው ይችላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መሬቱን በጥሬ ገንዘብ አከራይቶ ድጎማውን መጠበቅ። የቤዝ ኤከር ክፍያ የሚሄደው የሰብሉን ኪሳራና ትርፍ ለሚሸከመው ነው። ኪራዩ ቁርጥ ከሆነ ሁሉም የተከራዩ ነው፤ በእኩል ወይም በሲሶ ከሆነ በድርሻችሁ ትካፈላላችሁ። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ ግን ድርሻችሁን ማስረዳት ይከብዳችኋል።

«ፎርሙን እሞላላችኋለሁ» ለሚል ደላላ መክፈል። ከኤንኤፒ መመዝገቢያ ክፍያ በቀር እዚህ ያነሳኋቸው ማመልከቻዎች በነፃ ናቸው። በቲክቶክና በቴሌግራም «የ50 ሺህ ዶላር የእርሻ ግራንት» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ኤፍኤስኤ ማይክሮሎን ነው። እሱ ጣሪያው በእርግጥ 50,000 ዶላር ነው፤ ግን ብድር ነው፣ ይመለሳል።

የእምቢታ ደብዳቤን መሳቢያ ውስጥ መጣል። ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 30 ቀን አላችሁ፤ የካውንቲው ኮሚቴ እንደገና እንዲያየው፣ ሽምግልና እንዲደረግ፣ ወይም ወደ ብሔራዊ የይግባኝ ክፍል እንዲሄድ መጠየቅ ትችላላችሁ። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ተጽፏል። የኮሚቴው አባላት በአካባቢው ገበሬዎች የሚመረጡ ሰዎች ናቸው፤ የእርሻ ቁጥር ካላችሁና በፕሮግራሞቹ የምትሳተፉ ከሆነ የድምፅ መስጫው ወረቀት በኖቬምበር አካባቢ በፖስታ ለእናንተም ይመጣል። ማስታወቂያ መስሏችሁ አትጣሉት።